ዝም የተሰኙ ማስጠንቀቂያዎች

አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችውን ሴት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «መላሿ» ይላት ነበር። ሲ (C) በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ስትጽፍ፣ ከኮምፒውተሩ ሚሞሪ ቦታ የምትወስድበትን መስመር ከጻፈች፣ የምትመልስበትን ሳትጽፍ የቀረበላትን ሻይ እንኳ አታነሳም። የወሰደውን የማይመልስ ፕሮግራም ሚሞሪውን ቀስ በቀስ ይጨርስና ማሽኑ ድርቅ ይላል። የእኛ ማሽን ደግሞ የበሽተኛ ትንፋሽ የሚከታተል፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ የሚጮህ ነበር።

የጻፍነውን ኮድ የሚመረምር መፈተሻ የሚባል ፕሮግራም ነበረን፤ ያልተመለሰ ሚሞሪ ሲያገኝ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የቢሯችን ልማድ ማስጠንቀቂያውን ማፈን ነበር። «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ከውጭ ያመጣነው ኮድ ነው» ይባልና አንድ የማፈኛ መስመር ይጨመራል። አንዴ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ኃላፊያችን ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ መስመር ጻፈ። እንግዶቹ ሄዱ፤ መስመሩ ቀረ።

ማሽኑ ለሆስፒታል ሊሰጥ ሲል መላሿ ያን መስመር አየችው። የበሰበሰ ነገር እንደሸተታት ሁሉ ፊቷን አጨማደደች። ሰረዘችውና መፈተሻውን አስነሳች። ስክሪኑ በቀይ ማስጠንቀቂያ ሞላ።

«ምን ነካሽ እቴ?» አለ ኃላፊው ከኋላዋ። «ጠዋት ጠዋት አጥፍተው ሲያበሩት ሚሞሪው ይለቀቃል፣ በቃ!»

«በሽተኛውንስ ማን አጥፍቶ ያበራዋል?»

ከማዶ አንዱ ሳቁን አፈነ። ኃላፊው ግን ፊቱን አኮሳትሮ ሄደ።

አብዛኛው እውነትም የውጭው ኮድ ነበር። አንዱ ግን የራሳችን ሆነ፦ የማሽኑ ገመድ ከበሽተኛው ደረት ሲላቀቅ፣ ኮዱ የወሰደውን ሳይመልስ አቋርጦ ይወጣል። ገመዱ የሚላቀቀው በሽተኛው ሲገላበጥ ነው። አብዝቶ የሚገላበጠው ደግሞ የባሰበት ነው። ማሽኑ ቀድሞ የሚደነቁረው በእሱ ላይ ነበር ማለት ነው።

«ያቅለሸልሻል» አለች፣ ኮዱን እያስተካከለች።

«ጎበዝ!» አለ ኃላፊው ሲሰማ። «በይ አሁን መስመሩን መልሺ። ነገ ተረካቢዎቹ ይሄን ሁሉ ቀይ ካዩ ጉድ ነው።»

«የቀሩትን ሳላይ?»

«ጊዜ የለንም እኮ!»

መስመሩን ራሱ መለሰው። በማግስቱ ስክሪኑ ንጹሕ ነበር። ተረካቢዋ ነርስ ማሽኑን እየዳበሰች፣ «ምንም ችግር አላሳየም?» አለች።

«ምንም!» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ።

ያ ፈገግታ ዛሬም ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

መላሿ ከወንበሯ ተነሣች። «አሳይቷል፣ እህቴ። አፍነነው ነው። ገና ያላየነው አለ።»

ነርሷ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች። ማሽኑን ሊወስድ የመጣው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ኃላፊው ከዚያ ወዲያ መላሿን ሰላም አላላትም፤ እሷም ሰላምታውን የምትሻ አትመስልም ነበር።