ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የቀረው ስም

አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ቡርንስቪል፣ ሚኒሶታ

ማክሰኞ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ጋሽ ዲልሻድ ናቸው። ካፖርታቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበው፣ አንድ ወረቀት ጨብጠው ቆመዋል። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ወዳለው ማተሚያ ቤት እንዳደርሳቸው ለመኑኝ። መጽሐፋቸው ያን ቀን ጠዋት መታተም ይጀምራል፤ እሳቸው ደግሞ ማስቆም አለባቸው። ኢሜይል ልከዋል፣ ደጋግመው ደውለዋል፣ የሚመልስ የለም። ሥራ ቦታዬ ደውዬ እንደማረፍድ ተናገርኩና ወጣን።

ጋሽ ዲልሻድ ኩርድ ናቸው፤ ደራሲና ጋዜጠኛ። «ጋሽ» ማለቴን የወደዱት በእነሱም ቋንቋ «ካክ» የሚባል የታላቅ ወንድም መጠሪያ ስላለ ነው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ አንተፋፈርም።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሠላሳ አምስት ደብልዩ አውራ ጎዳና

ሌሊቱን በረዶ ጥሏል። መንገዱ ቢጠረግም መኪናው ሁሉ ይንፏቀቃል። ጋሽ ዲልሻድ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ስንሻገር ምክንያቱን ነገሩኝ።

በወጣትነታቸው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይነገር በተከለከለው ቋንቋቸው በድብቅ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። እህታቸው ናስሪን ቅጂዎቹን ዱቄት ከረጢት ውስጥ ቀብራ በየቤቱ ታደርስ ነበር። እሳቸው ሁለት ጊዜ ታስረው በመጨረሻ አገር ለቀቁ። እዚህ ቀን ቀን አፕል ቫሊ በምትባል ጎረቤት ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸጉ፣ ማታ ማታ ያን ታሪክ ሲጽፉ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባቸው። የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይረዋል። ያን ዕለት ማለዳ ግን ሲያገላብጡ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የእህታቸው እውነተኛ ስም ከነሰፈሯ ተቀምጦ አገኙት። ናስሪን አሁንም እዚያው ናት።

ወደ አራት ዘጠና አራት አውራ ጎዳና ስንታጠፍ መኪናዬ ተንሸራተተች። ፍሬን ለቅቄ መሪውን ቀስ ብዬ መለስኩት። እሳቸው ግን ያዩትም አይመስለኝም፤ ዓይናቸው ስሙን ያሰመሩበት ወረቀት ላይ ነው።

ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ

ማተሚያ ቤቱ ከጎማ መሸጫ ጀርባ ነው። ገና በሩን ስንከፍት የማሽኑ ድምፅ ተሰማን፤ ማተም ጀምረዋል። ጋሽ ዲልሻድ እየሮጡ ገቡ። መነጽር ያደረገች ሠራተኛ «አቁሚው!» ብለው የዘረጉላትን ወረቀት አይታ ምንም ሳትጠይቅ ማሽኑን አቆመችው። የሠላሳ መጽሐፍ ገጾች ወጥተዋል፤ ጥራዝ ግን አልተጀመረም። አንድም ቅጂ ከቤቱ አልወጣም። በስሙ ቦታ ምን እንደምትተካ ጠየቀቻቸው።

እሳቸው መጀመሪያ እህታቸው ጋ ደወሉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው የቡና መሸጫ ማሽን ሁለት ቡናና አንድ ብስኩት በስድስት ዶላር ገዝቼ ስመለስ ገና እያወሩ ነው። የናስሪን ሳቅ ይሰማል። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እህትዎ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ስሜን እንዳለ ተወው አለች። ያን ሁሉ ዓመት ጋዜጣውን የተሸከምኩት እኔ፣ የማይታወቀው የእኔ ስም አለችኝ።»

«ታዲያ እንዳለ ይተዉታል?»

«ደፋር መሆን የእሷ መብት ነው» አሉ። «ቢመጡባት ግን በሩን የምትከፍተው እሷ ናት፤ እኔ ሚኒሶታ ነኝ።» ወደ ሠራተኛዋ ዞሩ። «ስሙንም ሰፈሩንም አጥፊ።»

ሠራተኛዋ ሁለቱንም አጠፋች። የታተሙት ገጾች ወረቀት በሚበጣጥሰው ማሽን ውስጥ ሲያልፉ ጋሽ ዲልሻድ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ።

አራት ሰዓት፣ ቤት

ስንመለስ «ናስሪን መጽሐፉን ስታየው ትቀየመኛለች» አሉ። በር ላይ ተሰነባብተን ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የሰው ስም መጻፍ እንዲህ ከባድ መሆኑን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እዚህ ዲልሻድ ያልኳቸው ሰው ዲልሻድ አይባሉም። እህታቸውም ናስሪን አይደለችም።