የሚጠገን ስህተት

በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ «ክፈቺልኝ» ነው የሚላት። ኪዮስኳ ደጃፍ ደርሶ ከዚህ ሌላ ቃል የሚናገር ስለሌለ ስም ሆኖ ቀረ። እሷም አልጠላችውም፤ «ዝጊልኝ ከመባል ይሻላል» ትላለች።

ሥራዋ ቁልፍ መቅረጽ፣ የበር ቁልፍ መቀየርና ደጅ ለቀረ ሰው በሩን መክፈት ነው። ሁለቱን እጇ ለምዷቸዋል። ሦስተኛው ግን ጭንቅላት ይፈልጋል። ላብ ያጠመቀው ሰው መጥቶ «ቤቴ ነው፣ ቁልፌ ጠፋ» ሲል እውነቱን ይሁን ውሸቱን በምን ይታወቃል? መታወቂያ አምጣ እንዳትለው መታወቂያው ያለው ቤት ውስጥ ነው። እሷ ታዲያ የራሷ ዘዴ አላት። እንደ ዋዛ «ለመሆኑ በርህ ምን አመል አለው?» ትለዋለች። ባለቤቱ ከሆነ ወዲያው ሐሜቱን ይጀምራል፦ ከታች ይጎትታል፣ ትንሽ ወደ ላይ ካላነሱት አይሆንለትም፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያብጣል። ሌባ ግን በር አያማም፤ የሰው በር ለሌባ ምንጊዜም ጥሩ በር ነው። ዘዴው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ማለት ሁልጊዜ ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እያወቀችም እንቅልፏን ለጥ ብላ ትተኛለች።

ባሏ ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ነገሩን ሁሉ ሳያጣራ እግሩን የማያነሳ ሰው። ቲማቲም ግዛ ብላ ብትልከው የዚህን ሱቅ ከዚያኛው ሲያስተያይ ይመሽበትና ባዶ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ይመለሳል። ሊያገባት ያሰበ ጊዜም ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ ቢያታክታት፣ «እኔ ወስኛለሁ፤ አንተ ስትጨርስ ንገረኝ» አለችው። ይኸው እስከ ዛሬ ጨርሻለሁ አላላትም፤ ልጆቻቸው ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል።

«ሁሉን ሳታውቂ እንዴት ትወስኛለሽ?» ይላታል።

«እስቲ አንተ ሁሉን አውቀህ የወሰንከውን አንድ ነገር ንገረኝ።»

ያስባል። እራት ይቀርባል፤ እሱ ገና ያስባል። ያኔ ትስቅና የራሷን ሕግ ትነግረዋለች፦ «ሁለቱንም ስህተት ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የቱ ይጠገናል? በል ወደሚጠገነው ተሳሳት።»

ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይህ ሕጓ ክፉኛ ተፈተነ። አንዲት ሴት እያለከለከች ኪዮስኩ በር ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ በናትሽ ድረሽልኝ! አባቴ በር አልከፍት አለኝ፤ ስልክም አያነሳ።»

የት እንደሆነ ስትነግራት ክፈቺልኝ የያዘችውን ሞረድ አስቀመጠች። በሩን ታውቀዋለች። ዓምና ቁልፉን የቀየረችው እሷው ናት። ያስቀየሯት አዛውንት ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ሲሆኑ፣ ሠርታ ስትጨርስ ጣታቸውን ቀስረው አስጠንቅቀዋት ነበር። «ለማንም እንዳትከፍቺ። በተለይ ‹ልጃቸው ነኝ› ብላ የምትመጣ ካለች፣ ለእሷ ጨርሶ እንዳትከፍቺ!» እሷም «ቃሌ ነው አባባ» ብላ ነበር የወጣችው።

ያም ሆኖ ዕቃዋን አንጠልጥላ ተነሳች። በመንገድ ላይ የለመደችውን ጠየቀቻት፦ «በሩ ምን አመል አለው?»

«እንጃ! ቁልፉን ካስቀየረው ወዲህ ገብቼ አላውቅም» አለች ልጅቱ። «ብቻውን ሆነብኝ ብዬ እኔ ቤት ልወስደው ፈለግኩ። እሺ አላለኝም። ፀጉሩን ሊስተካከል የወጣ ዕለት በራሴ ቁልፍ ገብቼ ሳህኖቹን በካርቶን ሳሽግ ደረሰብኝ። ከዚያማ ምኑን እነግርሻለሁ።»

ልጅቱ ፈተናውን ወደቀች። ክፈቺልኝ ግን፣ «ውሸታም ብትሆን አንድ አመል ፈጥራ ለበሩ ትለጥፍለት ነበር» ብላ አሰበች።

ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ የሱቁ ልጅ የሚያመጣላቸው የጠዋት ዳቦ በፌስታል በበሩ እጀታ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ ቆማለች። ፖሊስ ዘንድ ደውላ ነበር፤ «እንመጣለን» ብለዋታል፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገሯትም።

«ትናንት ማታ ራዲዮናቸውን ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ድምፅ የለም» አለች ጎረቤቲቱ፤ ቀጥላም ወደ ክፈቺልኝ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ግን እኮ እሷን በመስኮት አይተው አኩርፈው ሊሆን ይችላል። እሳትና ጭድ ናቸው።»

ክፈቺልኝ ተንበርክካ ቀጭን ሽቦ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ሰደደች። ሽቦው ገብቶ ከብረት ጋር ተጋጨ። ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶበታል፤ ስለዚህ ሰውየው ቤት ናቸው።

«አባባ! እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ!» ብላ በሩን ደበደበች። መልስ የለም።

ፈራች። አኩርፈው ከሆነ ቃሏን መብላቷ ነው፤ ወሬው ሰፈሩን ይዞራል፤ ቃል ሰጥታ በር ለምትሰብር ቁልፍ ሠሪ ከዚያ ወዲያ ማን በሩን ያምናታል? እንጀራዋ ደግሞ ይኸው እምነት ነው። ወድቀው ከሆነስ? ባሏ ቢኖር «ቆይ፣ እናጣራ» እንደሚላት ታውቃለች። ማጣራቱ መልካም ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እንጂ። ሁለቱን ስህተቶች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸውና ድሪሏን አወጣች።

ቁልፉ የሚገባበትን ሲሊንደር በስታ ስትነቅለው በሩ ተከፈተ። አዛውንቱ ወጥ ቤት ወለል ላይ ጀርባቸውን ለቁምሳጥኑ ሰጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ፍጥጥ ብሏል።

«ማን ክፈቺ አለሽ?»

ጠዋት አዳልጧቸው ወድቀው ጉልበታቸው አልነሳ ብሏቸዋል። ስልኩን ሰምተዋል፤ የልጃቸውን ጩኸትም፣ ድብደባውንም ሰምተዋል። አውቀው ነው ዝም ያሉት። «ብቻዬን እኖራለሁ ብዬ አባርሬያት፣ እንዲህ ተዘርግቼ ትየኝ?» አሉ በሹክሹክታ። ክፈቺልኝ ወድቀዋል ወይስ አኩርፈዋል እያለች ስትጨነቅ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ሊሆን ይችላል ብላ አንዴም አላሰበችም።

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር» አሏት።

«ሰጥቼ ነበር አባባ፤ አፈረስኩት። ቃሌን ይቅርታ ጠይቄ እጠግነዋለሁ። ቁልፉንም በነፃ እቀይረዋለሁ። ለእርስዎ ዳሌ ግን እኔ ዘንድ መለዋወጫ የለም።»

አዛውንቱ ከንፈራቸውን ነክሰው ሊኮሳተሩ ሞከሩ፤ ሳቃቸው ግን ቀድሟቸው አመለጠ። ልጅቱም ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት ከኋላ ብብታቸውን ይዛ፣ ከክፈቺልኝ ጋር አንስተው ሳሎን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ዳሌያቸው ደህና ነው፤ ያበጠው ጉልበታቸው ብቻ ነው። ልጅቱ እኔ ቤት እንሂድ አላለችም። አላልኩህም ነበርም አላለችም። ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ጉልበታቸው ላይ አደረገችላቸው፤ እሳቸውም እንዲመቻት እግራቸውን ትንሽ ዘርጋ አደረጉላት። ክፈቺልኝ ይህን አይታ ደስ አላት፤ ካቻቪቴዋን ይዛ እያፏጨች ወደ በሩ ተመለሰች።

ልጅቱ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ስትገባ አዛውንቱ ክፈቺልኝን በእጃቸው ጠሯት።

«ስሚ፣ ከውስጥ ቁልፍ ተሰክቶበትም ቢሆን ከውጭ የሚከፈት ዓይነት አለ?»

«አለ አባባ።»

ወደ ወጥ ቤቱ ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በይ እሱን ግጠሚልኝ። አንዱን ቁልፍ ግን አንቺው ስጫት። እኔ ከሰጠኋት ታለቅስብኛለች።»

ክፈቺልኝ ገጥማ ስትጨርስ እንደታዘዘችው ቁልፉን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ልጅቱ ከእሷም እጅ ተቀብላ አለቀሰች።