መኪናው ሲቆም የሚሠራ ዳንቴል

መሪማ በርበሬ ነጋዴ ናት። ሐርጌሳ ዋሄን ገበያ፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ ከተደረደሩበት አለፍ ብሎ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ መደብ ላይ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ትሸጣለች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ እንደ እሷ ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው፤ ግንበኞች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ሰው ቤት የሚያበስሉ ሴቶች። ያን ጊዜ ከተማው ከጦርነቱ በኋላ በየማዕዘኑ ይሠራ ነበር። ጣሪያው የፈረሰው ቤት አዲስ ቆርቆሮ ይመታለታል፣ ጥይት የበሳው ግድግዳ ይለሰናል። ሠራተኛ ባለበት ደግሞ ወጥ አለ፤ ወጥ ባለበት መሪማ አለች። በየሳምንቱ ጅጅጋ ሄዳ እቃዋን ራሷ መርጣ፣ ራሷ አስፈጭታ ትመለሳለች። ድሬዳዋ ተወልዳ፣ አንድ ጊዜ አግብታ አንድ ጊዜ ፈትታ፣ ልጅ ሳትወልድ አርባ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ናት። ሳቋ ከመደቡ ወዲያ ማዶ ይሰማል።

የበርበሬ ነጋዴ እጅ ነጭ ነገር አይነካም። የመሪማ ጣቶች እስከ ጥፍሯ ሥር ቀይ ናቸው፤ በሳሙና ብትፈትጋቸው እንኳ ቀለሙ እየሳሳ እንጂ እየጠፋ አይሄድም። ስለዚህ ነጭ ክርና ኪሮሽ ይዛ መታየት ስትጀምር የሚያውቋት ሁሉ ሳቁባት። ነገሩን ያመጣችባት እናትነሽ ነበረች።

እናትነሽ የሂርና ልጅ ናት። አንድ ነጋዴ ቤት በምግብ አብሳይነት ተቀጥራ፣ ኮድቡር ሰፈር ከመሪማ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ አራት ዓመት ኖራለች። በዕድሜ ከመሪማ በአሥር ዓመት ታንሳለች፤ በአፍ ግን አታንስም። ግድግዳቸው ላይ ጥይት የተዋቸው ሁለት ቀዳዳዎች ስለነበሩ እንጨት ሸጉጣባቸው ልብስ መስቀያ አደረገቻቸው፤ በስተግራ ያለው የመሪማ፣ በስተቀኝ ያለው የእሷ። መሪማ በዚህኛው ጥግ ትሰግዳለች፣ እናትነሽ በዚያኛው ጥግ ታማትባለች። ሐርጌሳ ውስጥ የክርስቲያን ሥጋ ስለሌለ እናትነሽ አራቱንም ዓመት ሥጋ ሳትቀምስ ነው የኖረችው። መሪማ ይህን አትተዋትም ነበር።

«ሁዳዴው ረዘመብሽ እኮ አንቺ! ፋሲካ የሚባል ነገር የላችሁም እንዴ?»

«ሂርና ነው ያለው» ትላለች እናትነሽ፣ ቀና ሳትል። «እናቴ በግ አስራ እየጠበቀችኝ ነው።»

ቀና የማትለው ዳንቴል እየሠራች ስለሆነ ነው። ለእናቷ የአልጋ ልብስ ጀምራለች። አንድ ላይ ከተሠራ ከባድ ነው፤ የትም ይዘውት አይሄዱም። ስለዚህ በትንንሽ ክብ ትሠራዋለች፤ አንዱ ክብ ትልቅ የምግብ ሰሃን ያክላል። ሠላሳ ስድስት ሲሞላ ስድስት በስድስት ተያይዞ አልጋ ያለብሳል። ክሩን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ትከተዋለች። ክዳኑን በሚስማር በስታ፣ ጫፉን በቀዳዳው አውጥታ ትጎትታለች፤ ክሩ አይንከባለልም፣ አቧራ አይነካውም። ያለቁት ክቦች ታጥፈው እዚያው ጣሳ ሥር ይቀመጣሉ። ጣሳዋን ይዛ ገበያ ትሄዳለች፣ ውኃ ወረፋ ትይዛለች፣ የአሠሪዋ ልጆች እስኪተኙ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች።

መሪማም አይታ አይታ ያምራታል።

«እስቲ ልሞክረው።»

«መጀመሪያ ታጠቢ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«እንደገና ታጠቢ። ባለፈው የነካሽው ክር እናቴን አልጋዋ ላይ ነው የሚያስነጥሳት።»

እንዲህ እየተሳሳቁ አስተማረቻት። መሪማ ቶሎ ያዘችው፤ ግን የምትሠራው ክብ እጅግ ጠባብና ደረቅ ሆኖ ወጣ። እናትነሽ በጣቷ አንኳኳችውና «ይሄ ዳንቴል ነው ወይስ የጣሳ ክዳን?» አለች። «እጅሽ ያጠብቃል። ላላ በይ።» መሪማ ግን መላላት አልሆነላትም።

በአምስተኛው ዓመት መጀመሪያ እናትነሽ ትኩሳት ያዛት። ይተዋታል፣ ይመለስባታል። ሰውነቷ ሲከዳት አገሯ ገብታ ለመታከም ወሰነች፤ መሪማም እስከ ዋጃሌ ድንበር ሸኘቻት። ያደረሳቸው መሪማ ሁልጊዜ የምትሳፈርበት ላንድክሩዘር ሾፌር፣ ሂርሲ ነው። እናትነሽ ድንበሩን ከመሻገሯ በፊት ጣሳውን ለመሪማ ሰጠቻት።

«ሃያ ሦስት ደርሷል። ስመለስ እጨርሰዋለሁ። እንዳትነኪው!»

«ማን ይነካዋል?»

«አንቺ ነሻ። እጅሽ ያጠብቃል።»

በሦስተኛው ሳምንት ከሂርና ስልክ ተደወለ። የእናትነሽ አሠሪዎች መደቧ ድረስ መጥተው መርዶውን ነገሯት። መሪማ የጀመረችውን ሽሮ ለደንበኛው መዝና ከሰጠች በኋላ መደቧን አጥፋ ወደ ቤት ሄደች።

የተነገራትን ትእዛዝ ሁለት ወር ጠበቀች፤ ጣሳውን አልነካችውም። ከዚያ አንድ ቀን እያሰበች ሳለ እናትየዋ ታወሷት። አልጋቸው ባዶ ነው። በሙት ዓመቱ ዘመድ ወዳጅ ሲሰበሰብ አልጋ ልብሱ ደርሶ ቢነጠፍ፣ ልጅቱ ባዶ እጇን አልገባችም ማለት ነው። የቀረው አሥራ ሦስት ክብ ብቻ ነው። መሪማ ያን ዕለት እጇን ሦስት ጊዜ ታጥባ ጣሳውን ከፈተች።

የት እንደምትሠራው ግን ችግር ሆነ። ገበያ ላይ አይታሰብም፤ በርበሬ አለ። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞከረች። ፊት ለፊቷ የእናትነሽ ፍራሽ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ በስተቀኝ ያለው መስቀያ ባዶ ነው። ኪሮሹን እንደያዘች እጇ ከጭኗ አልተነሣም። የቀረው መንገድ ነው። ከሐርጌሳ ስትወጣ ጆንያዎቿ ባዶ ናቸው፣ እጇ ንጹሕ ነው፣ ዋጃሌ እስኪደረስም ሌላ ሥራ የላትም።

እንዲህ ሆነና ጣሳዋን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ መሥራት ጀመረች። ኪሮሹን ካየች ያቅለሸልሻታል፤ ስለዚህ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ በጣቷ እየቆጠረች ትሠራለች። ሂርሲ በመስታወቱ እያያት ይስቃል። ሂርሲ በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ገብቶ ሀርተሼክ የስደተኞች ካምፕ አምስት ዓመት ኖሮ አማርኛ ለምዷል፤ ሲቀልድ ደግሞ አማርኛው ይበልጥ ይሳካለታል።

«እህቴ መሪማ፣ የማንን ዓሣ ልታጠምጂ ነው?»

«ያንተን ምላስ።»

«እሱ ትልቅ መረብ ይፈልጋል ወላሂ!»

በአራት ወር ውስጥ ሰባት ክብ ጨረሰች። ደስ ብሏት አንድ ዓርብ ሁሉንም ፍራሽዋ ላይ ደረደረችው። ከዚያ ደስታዋ ጠፋ። የእናትነሽ ሃያ ሦስቱ ክቦች እኩል ሰፊ፣ እኩል ለስላሳ ናቸው። የእሷዎቹ ግን ጨምደድ ብለው በአንድ ጣት ያህል አንሰዋል። ጎን ለጎን ቢያያዙ አልጋ ልብሱ መሐሉ ላይ ይሸበሸባል። የትኛው የማን እንደሆነ ዕውር እንኳ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ጉዞ ሁሉንም ይዛ ወጣች፤ መተርተር ጀመረች። ሂርሲ አያት።

«ምነው አፈረስሽው?»

ነገረችው። አረብስዮ ከተማን እስኪያልፉ ነዳ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «እስቲ አምጪ» አለ። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ እጁ ክቦቹ ላይ፣ ተሳፋሪዎቹ «ኧረ መንገዱን እይ!» እያሉ እየጮሁበት አንዷን ለይቶ አወጣ።

«ይቺ ሰፊ ናት።»

እውነትም ሰፊ ናት። ከእናትነሽ ክብ ጋር ብትገጥማት ልክ ነች።

«ይቺን መቼ ነው የሠራሽው?»

መሪማ አሰበች። ጎርፍ ወንዙን ሞልቶት ውኃው እስኪጎድል ሦስት ሰዓት የቆሙበት ቀን ነው። ሌሎቹ ሁሉ መኪናው ኮረኮንቹ ላይ እየዘለለ፣ እሷም ትከሻዋን ወጥራ የሠራቻቸው ናቸው። ድሮ እናትነሽ ስታስተምራት ደግሞ ሊሳቅባት ነው ብላ ትከሻዋን እንደወጠረች ነበር የምትሠራው።

«እጅሽ አይደለም» አለ ሂርሲ። «መንገዱ ነው። እኔም ስነዳ ጥርሴን እነክሳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪማ መኪናው ሲቆም ብቻ ትሠራለች። ኬላ ላይ ሲፈተሹ፣ ለሶላት ሲወርዱ ቶሎ ሰግዳ፣ ጎማ ሲቀየር፣ ግመሎች መንገድ ሲዘጉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ኪሮሹን ጣሳው ውስጥ ትከተዋለች። ሌላው ሰው መንገድ ላይ ሲቆም ይቆጣል፤ የእሷ ፊት ግን ይበራል። ዓሻ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ይሄ ነገር ገባትና አንድ ቀን ለሂርሲ አመለከተች።

«ይቺ ሴትዮ ጎማ እንዲፈነዳ ነው የምትጸልየው! ከፊት አስቀምጣት፤ ከኋላ ሆና እንዳትበሳብን።»

«አልጸለይኩም» አለች መሪማ። «ቢፈነዳ አልጠላም አልኩ እንጂ።»

መኪናው በሳቅ ሞላ።

ችግሩ አገሩ እየተስተካከለ መሄዱ ነው። ሚያዝያ ላይ ጋቢሌ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ተደፈነ። ግንቦት ላይ ሁለት ኬላ ተነሣ። ሂርሲም ሠርቶ ሠርቶ አራት አዲስ ጎማ ገዛ፤ መሪማን ጠርቶ አንድ በአንድ አሳያት። «ማሻአላህ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ሐዘን ቤት የገባ ሰው ድምፅ ነበር። ቀድሞ ስድስት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ አራት ሰዓት ሆነ፤ በአንድ ጉዞ ያልቅ የነበረው ክብ ሁለት ጉዞ ፈጀ። መሪማ በመንገዱ መሠራት እንደሌላው ሰው ደስ ይላታል፤ በርበሬዋም ቶሎ ይደርሳል። ግን በጣቷ የምትቆጥረው ቀን አለ።

ለሙት ዓመቱ የምትሄድበት ጠዋት ደረሰ። ሠላሳ አምስቱ አልቀው፣ ታጥበው፣ ተያይዘዋል፤ አንዱ ጥግ ላይ ግን ባዶ አለ። የሠላሳ ስድስተኛው ክብ ግማሹ ቀርቷል። ጅጅጋ ስትደርስ ማያያዝና ጥጉን መልሳ ማጠብ አለባት፤ ከንጋት በፊት ካልደረቀ በማግሥቱ የሂርናው አውቶቡስ አይጠብቃትም። ስለዚህ ከዋጃሌ በፊት ማለቅ አለበት። ቆጠረች፤ መኪናው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዲቆምላት ትፈልጋለች።

መንገዱ ያን ዕለት ነጠላ የተነጠፈበት ይመስል ነበር። ወንዙ ደረቅ ነው። ግመል የለም። ኬላው ላይ ያለው ወታደር የሂርሲን መኪና አውቆ በእጁ አሳለፋቸው። ለሶላት ሲቆሙ ሁለት ዙር ሠራች፤ ወዲያው ተነሡ። ከላባይድ የምትባለውን ከተማ ሲያልፉ መሪማ ኪሮሹን ያዘች፤ ጠባብም ቢሆን ይለቅ ብላ አንድ ዙር ሠራች፣ ዳሰሰችው፣ ተረተረችው። ጣሳውን ከደነችና በመስኮቱ ወደ ውጪ ታይ ጀመር።

ሂርሲ በመስታወቱ አያት። ጥቂት ነዳ። ከዚያ መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ አንድ ትልቅ ግራር ሥር አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆነ?» አለች ዓሻ።

«ድምፅ ሰማሁ።»

«እኛ አልሰማንም!»

«አንቺ ሾፌር ነሽ?»

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ መፍቻ ጠየቀ፣ የጠየቀውን መፍቻ መልሶ አስቀመጠ። ተሳፋሪዎቹ ጥላው ውስጥ ተቀመጡ። ሙቀቱን ሲረግሙ፣ ሂርሲን ሲረግሙ፣ አዲሱን ጎማ ሲረግሙ መሪማ ግንዱን ተደግፋ ትከሻዋን አውርዳ ሠራች። ሂርሲ አልፎ አልፎ በኮፈኑ ጎን ብቅ እያለ ያያታል። ዓሻም እሱን አየች፣ መሪማን አየች፣ ከዚያ የምትናገረውን ትታ ሻርፗን አንጥፋ ተኛች። መሪማ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ኮፈኑ ዷ ብሎ ተዘጋ።

«አገኘሁት» አለ ሂርሲ። «ትንሽ ብሎን ናት። አሁን ጠብቃለች።»

ሂርና ስትደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። እማማ ሀረገወይን፣ የእናትነሽ እናት፣ ቀጭን፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ናቸው። መሪማን በስም ያውቋታል። ጉንጫቸውን ጉንጯ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መሪማ አልጋ ልብሱን አውጥታ ሰጠቻቸው።

«የእናትነሽ ሥራ ነው እማማ። ለእርስዎ ነው የጀመረችው። የቀረውን ትንሽ እኔ ጨረስኩት።»

ሴቶቹ ረድተው አልጋው ላይ አነጠፉት። አልተሸበሸበም። እማማ ሀረገወይን በመዳፋቸው እየደባበሱ ከራስጌ ወደ ግርጌ ሄዱ፣ ጥጉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን የመጨረሻው ክብ ላይ አሳረፉ።

«ይቺ የልጄ ናት» አሉ። «እጇን አውቀዋለሁ። ለስላሳ ነው።»

መሪማ ክቡን አየችው። ግራሩ ሥር የተሠራው ነው።

«አዎ እማማ» አለች። «የእሷ ናት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ በርበሬዋን ጭና ወደ ሐርጌሳ ስትመለስ ጣሳው በጉልበቶቿ መሐል ነበር። የተረፈ ክር አለ። መኪናው እየዘለለ፣ እሷም ትከሻዋን ወጥራ ኪሮሹን ትነዳ ጀመር።

«እህቴ መሪማ፣ መኪናው እኮ እየሄደ ነው» አለ ሂርሲ። «ይጠብቅብሻል!»

«ይጥበቅ። ለዳሽቦርድህ ነው። ከላላ ይንሸራተታል።»

ሂርሲ መስታወቱን አስተካከለና መንገዱን ማየት ቀጠለ። ክሩ ጫፉ አካባቢ በትንሹ ቀልቷል፤ ዛሬ እጇን በደንብ አልታጠበችም።