ሃያ ቶን የሚል ሰሌዳ

የከባድ መኪና ሹፌሮች «እትዬ እስቲ» ነው የሚሏት። እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሰው ምንም ነገር ሲነግራት መልሷ «እስቲ ልየው» ስለሆነ የወጣላት ነው። መንገዱ ደርቋል ሲሏት እስቲ ልየው፤ መኪናው ባዶ ነው ሲሏት እስቲ ልየው። አንዴ ጎረቤት ሞተ ተብላ እንኳ እስቲ ልየው አለች እያሉ ያሟታል። ሐሜቱ ጆሮዋ ደርሷል፤ አልከፋትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሥራዋ ከመንገድ የወጡ፣ ጭቃ የዋጣቸው፣ ቦይ ውስጥ የተጋደሙ ከባድ መኪናዎችንና ተሳቢዎችን ጎትቶ ማውጣት ነው። ሥራው መጀመሪያ የባሏ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ባሏ ወገቡን ታሞ አልጋ ላይ ሲውል፣ እሷ ነጠላዋን አስቀምጣ ቱታ ለበሰች። መሪውን የሚይዘው የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋ ነው። እሷ ዊንቹ ላይ ናት፤ ዊንች ማለት ከመኪናው ጀርባ ተቀምጦ የብረት ገመድ ከበሮ ላይ እየጠቀለለ የሚስበው ማሽን ነው። ጠዋት ጠዋት የብረት ገመዱን፣ ካቦውን፣ በጨርቅ ጨብጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄድበታለች። አንዲት የተበጠሰች ክር ጨርቋን ከያዘችባት ያን ቀን ሥራ የለም። ዋርሳዋ መንጠቆ ባሰረ ቁጥርም ከኋላው ሄዳ እንደገና ታየዋለች።

የዝናቡ ወራት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አሮጌው ዊንች ሥራ ላይ እያለ ቀጥ አለ። መካኒኩ ሳጥኑን ከፍቶ የማርሹን ጥርሶች እየለቀመ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ይሄ ከእንግዲህ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ነው። ሾርባ እንጂ ሥጋ አትስጡት» አላት።

አዲስ መፈለግ የግድ ሆነ። በማግስቱ ማለዳ ዋርሳዋ ገና መኪናውን ሳያስነሳ፣ «እትዬ፣ እኔ አንድ ዊንች አግኝቻለሁ» አለ። «አዲስ ነው። ሃያ ቶን ይስባል። ሪሞትም አለው።»

እሷ ዞራ አየችው። ይሄ ሰው ጎማ እንኳ ሲመረጥ «እርስዎ እንዳሉ» ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው ነው። ዛሬ ከየት መጥቶ ዊንች አዋቂ ሆነ? ደግሞ ሰሞኑን ስልኩ ሲጠራ ከመኪናው ወርዶ፣ የኋላውን ጎማ ዞሮ ነው የሚያወራው። ጠጋ ካለች «እሺ፣ እሺ፣ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። በልቧ መዘገበችው።

«እስቲ እንየው» አለች።

ሱቁ የመለዋወጫ ዕቃ በሚሸጥበት መንገድ ላይ ነበር፤ ጠባብ በር ያለው፣ ወደ ውስጥ ግን እንደ ዋሻ የሚረዝም። ሁለት ግድግዳ ሙሉ የዘይት ማጣሪያ ተደርድሮበታል። ዊንቹ መሀል ወለሉ ላይ፣ ደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ነጋዴው ድምፀ ለስላሳ፣ እጁን ደጋግሞ የሚያሻሽ ሰው ነው።

«ስንት ይስባል?» አለችው።

«ሃያ ቶን፣ እናቴ። ሰሌዳው ላይ ተጽፎልዎታል።»

«ሰሌዳውንማ አየሁት። ሃያ የሚስበው ካቦው ተዘርግቶ ከበሮው ላይ ትንሽ ሲቀር ነው፣ ወይስ ተጠቅልሎ ከበሮው ሲሞላ?»

«ሃያ ሃያ ነው፣ እናቴ። ጠዋትም ሃያ፣ ማታም ሃያ።»

ጆሮዋ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ካቦው ከበሮው ላይ እየተደራረበ በወፈረ ቁጥር የዊንች ጉልበት ይቀንሳል። የመጀመሪያው ድርብ ላይ ሃያ የሳበ፣ አራተኛው ላይ አስራ ሦስት አስራ አራት ከሳበ ደግ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዊንች ቢሸጥ ያስተዛዝባል፤ እያወቀ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ከቱታዋ ኪስ መለኪያዋን አውጥታ ካቦውን ለካች። «አስራ ስድስት ሚሊ ነው። ይሄ ሃያ ቶን ሳይሞላ ይበጠሳል።»

«ካቦ ይቀየራል፣ እናቴ።»

ጎንበስ ብላ ሰሌዳውን አየች። በአራት ሚስማሮች ተመትቷል፤ ሚስማሮቹ ያብለጨልጫሉ፣ ዙሪያቸው ያለው ቀለም ግን ተሰነጣጥቋል። በቁልፏ ጫፍ ጥጉን ጫር አደረገችው። ከቀዩ ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ።

«አዲስ ነው ብላችሁኝ ነበር።»

«ፋብሪካዎቹ ቀለም ይወዳሉ» አለ ነጋዴው እጁን እያሻሸ። «ደርበው ነው የሚቀቡት።»

ዋርሳዋ ይህ ሁሉ ሲሆን ቀለሙንም ሰሌዳውንም አላየም። ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «እትዬ፣ ይሄን ይዩልኝ። ሃምሳ ሜትር ርቀው ይሠሩበታል፤ ሰው ሳያስፈልግዎት።»

እሷ ሪሞቱን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው። ሻጩ እንኳ እንዲህ አላወደሰውም።

«ስቦ ካላየሁት አልገዛም» አለች። ነጋዴው ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ደግሞ ደንበኛ ነች፣ ለማግስቱ ቀጠሯት።

አመሻሽ ላይ ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን እያየ ነው የሚያዳምጣት፤ ወገቡ በጎን አያስተኛውም።

«ቀለም ከተደረበበት ተዪው» አላት። «አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ።»

«ዊንቹንስ ተውኩት። ወንድምህ ከነጋዴው ጋር ምን አለው?»

«ምን ይኖረዋል?»

«ስልክ ይደብቃል። ዕቃውን ከባለቤቱ በላይ ያወድሳል። የሆነ ነገር ሳያቀምሱት አልቀሩም።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

«ያሳደግከውንማ አውቀዋለሁ። አሁን ያለውን ነው ያላወቅኩት።»

ባሏ ራቱን ስታቀርብለት ዓይኗን ሳያይ ተቀበላት።

በማግስቱ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ተገናኙ። ግቢው ወደ መጋዘኑ የሚያወጣ የሲሚንቶ ዳገት አለው። ዊንቹን ከዳገቱ አናት፣ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት መሠረት ጋር በብሎን አሰሩት፤ ከታች አሸዋ የሞላ ተሳቢ ቆሟል። እትዬ እስቲ ሰው ሁሉ ከካቦው አቅጣጫ እንዲወጣ አደረገች። ቢበጠስ እንደ ጅራፍ እንዳይወረወር ወፍራም ሸራ መሀሉ ላይ ጣለችበት። ከተሳቢው ጎማ አንድ ክንድ ወደኋላ ደግሞ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ታኮ አስቀመጠች፤ ተሳቢው ወደ ላይ በተሳበ ቁጥርም ታኮዎቹን ከጎን ሆና በረጅም ዘንግ እየገፋች አስጠጋች። ነጋዴው ይህን ሲያይ፣ «ጦርነት ልንሄድ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

ዊንቹ ሳበ። መሳቡንስ ሳበ። ተሳቢው ዳገቱን ግማሽ ሲደርስ፣ «እዚህ ጋ ያዘው፣ አጥፋው» አለች። ወደ ከበሮው ሄዳ ከበሮውንና አካሉን አገናኝታ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረች። ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ነጋዴው።

«ፍሬኑን።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መስመሩ ለሁለት ተከፈለ። መጀመሪያ የጥፍር ያህል፣ ቀጥሎ የጣት፣ ቀጥሎ የሁለት ጣት ያህል። ሞተሩ ጠፍቶ ከበሮው በቀስታ ወደኋላ እየዞረ ነው። ከውስጡ የሆነ ነገር ጨር ብሎ ጮኸና ከበሮው ለቀቀው። ተሳቢው ወደኋላ ተንደርድሮ ታኮው ላይ ገጭቶ ቆመ። አሸዋው ከጫፍ ጫፉ ፈሰሰ።

«አዲስ ፍሬን ነው» አለ ነጋዴው። «እየሠራ ይላመዳል።»

«ከማን ጋር ነው የሚላመደው? ከሥሩ ከሚቆመው ሰው ጋር?»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ዋርሳዋ ግን ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ፍሬን ይጠገናል። ሪሞት ያለው ሌላ ቶሎ አናገኝም» አላት። ያን ጊዜ ጥርጣሬዋ እርግጥ ሆነ። ሰው ዓይኑ እያየ ለሞት ማሽን የሚሟገተው በጤናው አይደለም። ነጋዴው ገዝቶታል አለች በልቧ።

በመኪናው እየተመለሱ ከተዘጋ ማደያ አጠገብ ሲደርሱ፣ «አቁምልኝ» አለችው። አቆመ።

«ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን አላችሁ?»

«ከየትኛው?»

«ከየትኛው ትለኛለህ?»

አፉን ሊከፍት ሲል መሪው ፊት ያለው ስልክ ጠራ። እጁ ወደ በሩ ሄደ።

«አትውረድ። እዚሁ ፊቴ አንሳው። እኔም ልስማው።»

ተመለከታት፤ ከዚያ የተሸነፈ ሰው አተነፋፈስ ተንፍሶ ድምፁን ከፍቶ አነሳው። የሴት ድምፅ ነው፤ ከኋላዋ የቢሮ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከአንድ የትራንስፖርት ድርጅት ነበር የምትደውለው። መኪናው ከተዘጋጀለት ወር ሊሞላው ነው፣ ቀኑን ሁለት ጊዜ አራዝመንልሃል፣ ካልመጣህ ለሌላ ሹፌር እንሰጠዋለን አለችው። «እሺ፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ።

መንገዱ ላይ ሁለት መኪኖች አለፉ።

«ልትሄድ ነው?» አለች።

«ልሄድ ነው።»

«ታዲያ ዊንቹስ?»

«ሪሞት ያለው ከተገኘ ብቻዎን ይሠራሉ ብዬ ነው። ከእኔ በኋላ ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ከካቦው ሥር እየተሯሯጡ እንዳይሠሩ ብዬ ነው እንጂ፣ ሰውዬውን ከዊንቹ በፊት አላውቀውም። የሚገዛኝስ በምኑ ነው? ሻይ እንኳ አልጋበዘኝም።»

«ፍሬኑ ሲለቅ አላየህም?»

«አየሁ። ጊዜ አልነበረኝም እትዬ። ቢጠገን ብዬ ተመኘሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ጥዬህ ልሄድ ነው ልበለው?» መሪውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «ደግሞ ሌላም አለ። ስምንት ዓመት መንጠቆ አስሬያለሁ። እርስዎ ከኋላዬ መጥተው ፈትሸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ደህና አስረሃል ብለውኝ አያውቁም። ሥራው ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እፈትሽ ነበር። ግን አሁን አሁን ቤቴ ገብቼ በሬን ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ። የገዛ እጄን መጠርጠር ጀምሬያለሁ።»

እትዬ እስቲ ወደ እሱ ዞራ፣ «እስከ ዛሬ ስጠረጥር የነበረው ብረቱን ነው» አለችው።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አንተን ነው። ገዝተውታል ብዬ ነበር። ለወንድምህም ነግሬዋለሁ።»

ሊቆጣ ይችል ነበር። አልተቆጣም። መኪናውን አስነስቶ፣ «እንኳን እውነቱን ነገሩኝ» አለ።

ዊንቹን በመጨረሻ ያገኘችው አሮጌ መኪና ከሚፈታታበት ግቢ ነው። ቅርጹ አያምርም፤ ዝገት የበላው፣ ሰሌዳ የሚባል ነገር የሌለው። በባትሪ ከሚሠራ ዊንች ይልቅ ይሄኛው ይሻላል አለች፤ ጉልበቱን በዘይት ግፊት ከመኪናው ሞተር ስለሚወስድ፣ ከባድ መኪና ሰዓት ሙሉ ሲጎተት ባትሪ አለቀ ብሎ አያስጨንቅም። ሳጥኑን አስከፍታ ዘይቱን በጣቷ አሸችው፤ የብረት ፍንጣሪ አልነበረበትም። የማርሹን ጥርሶች አንድ በአንድ ቆጠረች። ጭነት ሰቅላበት፣ በጠመኔ አስምራ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጠበቀችው፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ወፍራም አዲስ ካቦ አስገዛችለት። ዋርሳዋ ለድርጅቱ ደውሎ አንድ ሳምንት ለመነና ከመካኒኩ ጋር ሆኖ ራሱ ገጠመው። ሪሞት ባይኖረውም፣ ራቅ ብላ እንድትቆም ሃያ ሜትር ሽቦ ያለው መቆጣጠሪያ ሠሩለት።

የመጀመሪያ ሥራው እንጨት የጫነ ተሳቢ ነበር፤ ከነጭነቱ ቦይ ውስጥ ተኝቷል። ዋርሳዋ መንጠቆውን አሰረ። እትዬ እስቲ ሄዳ አየችው፤ ላታየው አትችልም ነበር። ስትመለስ አጠገቡ ቆም ብላ፣ «ደህና አስረሃል» አለችው። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ መሪው ሄደ። ተሳቢው ሩብ ሰዓት ሳይፈጅ መንገድ ላይ ወጣ።

በሳምንቱ መጨረሻ ዋርሳዋ ሄደ። ባሏ አንድ ወር አኩርፎት ከረመ፤ ከሚስቱም ጋር ቢሆን እንደ ድሮው ለመጫወት ጊዜ ፈጀበት፤ ባሳደግኩት ልጅ ላይ ያን ቃል ተናገርሽ የሚለው ከሆዱ ቶሎ አልወጣለትም። እሷም ሰበብ አልደረደረችም። በዋርሳዋ ቦታ አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ቀጠረች። መንጠቆ ሲያስር ትፈትሸዋለች፤ ደህና ከሆነ ደህና ነው፣ ካልሆነ አልሆነም ትለዋለች።

አንድ እሑድ ዋርሳዋ መጣ። ከወንድሙ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ምሳ በሉ፤ ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ አወሩ። ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆም አለ።

«እትዬ፣ ድርጅቱ ሌላ መኪና ሊያስረክበኝ ነው። ከኋላው ዊንች አለው። ሰዎቹ አዲስ ነው ይላሉ።»

«እና?»

«ከመፈረሜ በፊት መጥተው ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»

ባሏ ከአልጋው ላይ ሳቀ፤ ወገቡን ስላመመው ወዲያው ተወው።

«መቼ ነው የምትፈርመው?» አለችው።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አለች። «ለማንም እንዳትነግር።»