የባቡሩ ዲናሞ ዋሂል ገባ

ዘመኑ 1975 ነው። እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከባቡር ጥገና ቤት ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴ። ፊደል የለየሁት ሸምግዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን መንገድ ደብተሬ ላይ የጫርኩትን እያየሁ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ። ያማረ ነገር የፈለገ ሌላ ጋ ያንብብ።

ንጋት አሥራ አንድ ተኩል፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር

ኤንትሬው የጭነት መኪና ደጃፌ ቆሟል። የጫንነው ይሄ ነው፦ ከተጣለ ፉርጎ ሆድ ሥር የፈታሁት ዲናሞ፣ ሁለት ባትሪ፣ ከዋንዛ እንጨት የጠረብኩት ባለ ሁለት ክንፍ መዘውር፣ የቆዳ ቺንጋ፣ አራት የፉርጎ አምፖል፣ የኪያቬና የፒንሳ ከረጢት።

ለማያውቅ ልንገር። ባቡር ሲሄድ መንኮራኩሩ ቺንጋውን፣ ቺንጋው ዲናሞውን ያዞራል፤ ፉርጎው ውስጥ መብራት ይበራል። ሰላሳ ዓመት ይሄን ሳድስ ኖርኩ። ታዲያ በባቡሩ ፋንታ ነፋስ ቢያዞረውስ አልኩ። ነፋስ እንደ ነዳጅ በራሽን ካርድ ውሰድ አይባልም።

ይሄን እንዳስብ ያደረገችኝ የሟች ጓደኛዬ ልጅ ዘነበች ናት። ዋሂል በሚባል የገጠር መንደር ክሊኒክ አዋላጅ ናት። ባለፈው ዓመት ቤቴ መጥታ የእጅ ባትሪዋን አሳየችኝ። ጭራው ላይ የጥርስ ምልክት አለበት።

«ይሄን ምን ነከሰው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ፣ አባባ። ላምባ ሲጠፋ በጥርሴ ይዤው ነው የማዋልደው። ያለኝ ሁለት እጅ ነው።»

በጥገና ቤቱ ግቢ እንዲህ ያሉ ሌሎች ስድስት ዲናሞዎች ወድቀዋል። ለብረት ማቅለጫ ሊጫኑ ቀን ተቆርጦላቸዋል። ስንት ቢሮ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ ጓድ መኮንን የሚባል የባቡር ድርጅቱ ኃላፊ፣ «ይሄ ሰባተኛው በቀጠሮው ቀን ዋሂል ላይ ዓይኔ እያየ ካበራ፣ ስድስቱ ለገጠር ክሊኒኮች ይሰጣሉ። ካላበራ እሱም ተፈትቶ ይመጣል፣ በማግስቱ ሰባቱም ይጫናሉ» አለኝ። ዛሬ የምሄደው ለዚህ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ቺንጋውን ሞራ ግጥም አድርጌ ቀባሁት። የእኛ አገር ሙቀት ቆዳ ያደርቃል። ባቡር ቤት ያደገ ሰው ቺንጋውን ሳይቀባ ከቤት አይወጣም።

ሾፌሩ ኢብራሂም መዘውሩን ዞሮ አየው። «ጋሽ ወልዴ፣ በዚህ ክንፍ መኪናዬ ተነስታ ብትበር ማን ይጠየቅልኛል አቦ?»

«አንተ መሪህን ያዝ።»

አሥራ ሁለት ተኩል፣ መጋላ ገበያ

ፈጢራ በሃምሳ ሳንቲም፣ ሻይ በአሥራ አምስት። ፈጢራው ትኩስ ነው፣ ሻዩ ስኳር የለውም። ስኳር የት አለና።

እዚህ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ኤዶ ሀዋ ተሳፈረች። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ አገር በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁለት ጥርሷ የወርቅ። አንድ ከረጢት ከርቤ ይዛለች። ለመሸጥ አምጥታው ነጋዴው ዋጋ ሰብሮባት ወደ ዋሂል ይዛው መመለሷ ነው። «ብሞትም አልሸጥለትም! የዛፍ ደም ነው፣ ልጁ አፈር መሰለው እንዴ!»

ኢብራሂም ለእሷ ሦስት ብር፣ ለከረጢቱ አንድ ብር ጠየቃት።

«ከረጢቱ ወንበር ይዟል? ጭኔ ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጄ ነው በለው!»

ሦስት ብር ከፍላ ወጣችና ዲናሞዬ ላይ ቁጭ አለች።

«ኤዶ ሀዋ፣ ተነሺ! የዋሂል መብራት ላይ ነው የተቀመጥሽው!»

«ያ ሺባ» አለችኝ፤ አንተ ሽበታም ማለቷ ነው። «ከዚህ ጥቁር ድንጋይ መብራት ከወጣ፣ እኔም ከረጢቴ ውስጥ ጨረቃ ይዣለሁ።»

መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ሁለት ሰዓት፣ ኬላ

ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ ደጋግሞ አየው። ቀጥሎ መዘውሩን በጠመንጃው አፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ሽማግሌ፣ ይሄ የአውሮፕላን ነው የሄሊኮፕተር?»

«የዋንዛ ነው።»

«ቀልደኛ ነህ?»

«ቀልድ አላውቅም። ለክሊኒክ መብራት ነው። ሴቶች በጨለማ እየወለዱ ነው።»

ወታደሩ ወረቀቱን መለሰና፣ «እናቴም በጨለማ ነው የወለደችኝ» ብሎ የኬላውን እንጨት አነሳልን። ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ደረቁ ወንዝ

አሸዋው የኋላ ጎማችንን ያዘው። ወርደን የግራር ቅርንጫፍ እየቆረጥን አነጠፍን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ስንመለስ ኤዶ ሀዋ ሽቲ ቀሚሷን ይዛ ትጮሃለች። ቺንጋው ካለበት ጆንያ ሞራው ቀልጦ ልብሷን አርሶታል።

«ምንድን ነው ይሄ? ጠቦት አርደህ ጆንያ ውስጥ ደበቅህ?»

«የቺንጋ ቅባት ነው።»

«የሚይዝ ነገር ቅባት ይቀባል እንዴ?»

ሰላሳ ዓመት የሠራሁበትን እሷ ልታስተምረኝ! ጆንያውን ወደ እኔ ሳብኩት።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ዋሂል

ዘነበች ነጭ ጋዎኗን ለብሳ ክሊኒኩ ደጃፍ ትጠብቀናለች። የዋሂል ሰዎች ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሁለት አሮጌ ሐዲድ አቁመውልኛል፤ ሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ተይዟል፣ በላዩ እንደ አልጋ ያለ የብረት ርብራብ። የፍየል ጥብስ በሩዝ አበሉን። ገንዘብ ብናወጣ ተቆጡ።

መሰላል ላይ ወጣሁ። ወገቤ እንቢ አለ፣ እኔም እንቢ አልኩ። ዲናሞውን በቡሎን አሰርኩ፣ መዘውሩን ሰቀልኩ፣ ቺንጋውን አስገባሁ፣ ሽቦውን በመስኮት ወደ ማዋለጃው ክፍል ስቤ ከባትሪዎቹና ለሙከራው ከአንድ አምፖል ጋር አገናኘሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። የቀረው ነፋሱ ነው። የዋሂል ሰዎች፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አያረፍድም» አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት

ነፋሱም ጓድ መኮንንም እኩል መጡ። ጓዱ ከላንድሮቨሩ ወርዶ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ባትሪው ነው።

«ባትሪዎቹን ይፍቷቸው፣ ጓድ ወልዴ። ከድሬዳዋ ሞልተው አምጥተው እንዳያሞኙኝ። አምፖሉ በቀጥታ ከዲናሞው ይብራ።»

ትክክል ነው። ፈታኋቸው።

መዘውሩ ተነሳ። ኧረ እንዴት ያለ መዞር ነው! የዋንዛው ክንፍ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ሕፃናቱ ጮሁ። እኔ አምፖሉን አያለሁ። አምፖሉ የሞተ ዓይን መስሏል።

ወጥቼ አየሁ። ቺንጋው በዲናሞው መዞሪያ ክብ ብረት፣ በፑሌጃው ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ዲናሞው ንቅንቅ አላለም። ቺንጋውን አጠበቅሁ። ተንሸራተተ። ዲናሞውን ገፋ አድርጌ ደግሜ አሰርኩ። አሁንም ተንሸራተተ። ባቡር ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ቺንጋው ቢንሸራተትም እየጎተተ ይወስደዋል። ነፋስ እንደዚያ አይደለም። ይሄን ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል። ጓድ መኮንን ሰዓቱን አይቶ ማስታወሻውን ከኪሱ አወጣ። ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ፣ ያቺን የእጅ ባትሪ በጋዎን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ቆማለች።

ከታች ኤዶ ሀዋ ተጣራች፦ «ያ ሺባ! ሞራህን ጥረገው! በአመድ ጥረገውና ከርቤ ነስንስበት!»

«ቺንጋ ላይ ከርቤ? ዲናሞ ነው፤ ታቦት መሰለሽ እንዴ?»

«እኔ ጉድጓድ ላይ ገመድ ስስብ ነው ያረጀሁት። ርጥብ ገመድ እጅ ሲከዳ መዳፋችንን ከርቤ እናሸዋለን። ከዚያ ገመዱ ወዴት ይሄዳል? አንተ ግን ገመድህን ቅቤ ቀብተህ ‹ያዝ› ትለዋለህ!»

ሰዉ ሳቀ። ኢብራሂምም ሳቀ። ሰላሳ ዓመት ማንም በቺንጋ ጉዳይ ተናግሮኝ አያውቅም። መሰላሉ ላይ እንደተንጠለጠልኩ ጣቶቼን አየሁ፤ ሞራ በሞራ ናቸው። ጓድ መኮንን እስክሪብቶውን ከፈተ።

«አመድ አምጡ» አልኩ።

መዘውሩን በገመድ አስሬ ቺንጋውን አወረድኩና በምድጃ አመድ አሸሁት፤ በጨርቅ ጠረግሁ፣ ደግሜ አሸሁ፣ ደግሜ ጠረግሁ። ኤዶ ሀዋ ከርቤውን በድንጋይ አድቅቃ በሽቲዋ ጫፍ ይዛ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሳደበችም። «ከውስጥ በኩል፣ ቀስ ብለህ» አለችኝ። ከውስጥ በኩል፣ ቀስ ብዬ ነሰነስኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። መዘውሩን ያሰርኩበትን ገመድ ፈታሁ። ክንፉ ዞረ። ቺንጋው አንድ ጊዜ ሲጥ አለና ፑሌጃውን ነከሰው። ዲናሞው ማጉረምረም ጀመረ። ያንን ድምፅ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ፤ ባቡር ከጣቢያ ሲወጣ ፉርጎው ሆድ ሥር የሚሰማው ነው።

ከማዋለጃው ክፍል ዘነበች፣ «አባባ!» ብላ ጮኸች።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። አምፖሉ መጀመሪያ እንደ ፍም ቀላ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፣ ነፋሱ ሲበረታ ነጭ። ነፋሱ ሲለሰልስ ይለሰልሳል፣ ግን አይጠፋም። አልጋው ታየ፣ መቀሱ ታየ፣ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ታየ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዘነበች ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ባዶ መዳፏን እያገላበጠች ታያለች።

ጓድ መኮንን አምፖሉ ሥር ቆመ። በዚያው ብርሃን ማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀድዶ ሰጠኝ። ስድስቱም! ቀጥሎ፣ «ጓድ ወልዴ፣ እኔ ዛሬ ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለ።

«እኔም አሥር ተኩል ላይ እንደዚያው መስሎኝ ነበር» አልኩት። ምን እዋሻለሁ።

ባትሪዎቹን መልሼ አሰርኩ፤ ነፋሱ ሲተኛ ክፍሉ እንዳይጨልም። ኤዶ ሀዋን ፈልጌ፣ «ከረጢቱን በስንት ትሸጪልኛለሽ?» አልኳት።

«ለአንተ? በሙሉ ዋጋ! አንድ ሳንቲም አልቀንስም!»

በሙሉ ዋጋ ገዛሁ። አልተከራከርኩም፤ ይሄንንም ያዙልኝ።

አንድ ሰዓት፣ መመለሻ

ጓድ መኮንን በላንድሮቨሩ ይዞኝ ተመለሰ። ዘነበች ስንሰናበት የእጅ ባትሪዋን ኪሴ ውስጥ ከተተችው። «ያዘው አባባ፤ ጥርሴ ደክሞታል።» ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ፣ «አቁምልኝ» አልኩ። ወርጄ ወደ ኋላ አየሁ። በዚያ ሁሉ ጨለማ መሐል አንድ ነጭ ነጥብ። የላንድሮቨሩ ሾፌር ኮከብ ነው አለ። ተከራከርኩት፤ ረታሁትም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥገና ቤቱ ግቢ ገባሁ። ጫኞቹ ከእኔ ቀድመው መጥተዋል። ወረቀቱን አሳየኋቸውና ከስድስቱ ዲናሞዎች ዞር አሉልኝ። የሞራውን ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አውርጄ ለዘበኛው ሰጠሁት፤ ለጫማው ይሁነው። በእያንዳንዱ ዲናሞ ላይ አንድ አንድ ቋጠሮ ከርቤ አሰርኩ። ከዚያ ጠመኔ አንስቼ በመጀመሪያው ላይ የሚሄድበትን የገጠር ክሊኒክ ስም፣ ፊደሉ እንዳይጣመም እየተጠነቀቅሁ፣ «ቢዮ አዋሌ» ብዬ ጻፍኩ።