የማርሳቱት ሟች

በማርሳቱት መንደር ዘረንን በአባቱ ስም የሚጠራው የለም። «ኢልመየት» ይሉታል፤ ሟቹ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ጠላት አይደለም፤ የራሱ ሙያ ነው።

ፊልም ሊሠራ ወደ ማልታ የመጣ ሁሉ ባሕር ዳር የሚሞት ሰው ሲያስፈልገው ወደ እሱ ይልካል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የግሪክ ወታደር ሆኖ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሮማዊ ሆኖ አራት ጊዜ፣ መስቀል ጦረኛ ሆኖ ሁለቴ፣ መስቀል ጦረኞችን የሚወጋ ቱርክ ሆኖ ሦስት ጊዜ ሞቷል። አንድ ቀን እንዲያውም ጠዋት በአንዱ ወገን ገድሎ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ወገን ተገድሏል፤ ጓደኞቹ «የገዛ ደሙን ከራሱ ላይ ይጠይቅ» ብለው ሳቁበት።

ሌላው ሰው ሲሞት ያቃስታል፣ ይንፈራገጣል፣ ካሜራው እንዲያየው ይገላበጣል። ዘረን ግን ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ፊቱን ውኃው ላይ ደፍቶ፣ እጆቹን ለቆ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይዞ እንደ ግንድ ይንሳፈፋል። አንዴ አንዲት ነርስ እውነት መስሏት ከነጫማዋ ዘላ ገብታ ጎትታ አውጥታዋለች።

«ባሌ በየበጋው ይሞታል» ትላለች ሚስቱ ጆቫና፤ «የመበለት ጡረታ ግን እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።»

በአርባ ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል እንዲናገር አልተሰጠውም። ደሴቲቱም ብትሆን ዕጣዋ ያው ነው። ኢየሩሳሌም ሆናለች፣ አቴንስ ሆናለች፣ ሮም ሆናለች፤ ማልታ ሆና ግን አታውቅም።

ዘረን ከመሞት የተረፈውን ጊዜ ዓሣ ያጠምዳል፤ ያጠምድ ነበር ቢባል ይሻላል። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ላምፑኪ የሚባለው ዓሣ መምጫውን ረሳ፤ በነሐሴ የሚጠበቀው በጥቅምት ይመጣል፣ ሲያሰኘውም ይቀራል። በዓሣው ፈንታ ቱሪስቱ መጣ። ፊልሙን ያየ ባሕሩን ሊያይ፣ ባሕሩን ያየ ሊያድርበት ፈለገ። ማደሪያ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ደግሞ በውኃው ዳር ተደርድረው የነበሩትን የዓሣ አጥማጆች የጀልባ ቤቶች አንድ በአንድ ገዟቸው። ሆቴሉ ለመርከቦች መቆሚያ ብሎ ወደ ባሕሩ ያስረዘመው የድንጋይ መድረክ የውኃውን አካሄድ አዞረውና የባሕሩ ዳር አሸዋ ተጠርጎ ሄደ። አሁን ሆቴሉ በየግንቦቱ አሸዋ በጭነት መኪና ያስመጣል፤ ባሕሩም በየመኸሩ ይረከበዋል።

በመንደሩ የሙዚቃ ባንድ ክበብ ቡና ቤት ውስጥ የጀልባ ቤታቸውን የሸጡትን ሲሳደብ ከማንም በላይ ድምፁ የሚሰማው ዘረን ነበር። «የአባትን አጥንት በሊፍት የለወጡ!» ይል ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዓሣው ሲቀር፣ እሱም የአባቱን ባለ አረንጓዴ በር ቤት ሸጠ። ከሁሉም በኋላ በመሸጡ ከሁሉም የተሻለ ዋጋ አገኘ። ይህን የሚያነሳበት ሰው ከመጣ ጆሮው አይሰማም።

ለፊልም ሰዎች ተዋናይ የምትመለምለው ኦዴት በሩን ያንኳኳችው ስድሳ ዓመት በሞላው ሰሞን ነው።

«ዚዩ ዘረን፣ የምሥራች ይዤልዎት መጣሁ!» አለች። ዚዩ አጎት ማለት ነው፤ ለሽማግሌ ሁሉ የሚባል።

«ማንን ሆኜ ነው የምሞተው?»

«ማልታዊ!»

ዘረን የያዘውን ኩባያ አስቀመጠ። «ማን አለ?»

«ታሪኩ ስለ ዓሣ አጥማጆች ነው፤ በአባትዎ ዘመን። ወረቀቱ ላይ ማርሳቱት ነው የሚለው፤ እዚሁ!»

«እና እናገራለሁ?»

«እሱን ዳይሬክተሩ ያያል።»

ዳይሬክተሩ ረጅም፣ ትሑት ሰው ነበር። የድንጋዩ መድረክ ላይ ቆሞ በጣቶቹ ክፈፍ እየሠራ አካባቢውን ቃኘ። በግራ ሆቴሉ አለ። በቀኝ፣ የዘረን አባት ቤት በነበረበት ላይ፣ ስድስት ፎቅ ቆሟል። ከፊት ሙዚቃ የምታስጮኽ የጭፈራ መርከብ ታልፋለች። ወደ ላይ ቢያይ አሥራ አንድ ክሬን ቆጠረ።

«በጣም ያምራል» አለ ኦዴትን። «መንደሩ የት ነው?»

«ቆመንበታል» አለች ኦዴት፣ ጫማዋን እያየች።

ክሬኖቹን በኮምፒውተር ማጥፋት እንደሚቻል ተነገረ። ነገሩ ሲመዘን ግን ክሬኖቹን ከማጥፋት መንደሩን ሌላ አገር መሥራት ቀለለ። ቱኒዚያ ውስጥ ቱሪስት ያልደረሰበት አንድ የባሕር ዳር ተገኘና ማርሳቱት ወደዚያ ተዛወረች። ዘረንን ተዋናዮቹን መረብ አያያዝ እንዲያስተምር ቀጠሩት።

«ማርሳቱትን ለማየት ፓስፖርት ልታወጣ?» አለችው ጆቫና ሸሚዙን እየተኮሰች። «ከደረስክ እናቴን ሰላም በልልኝ። በእኔ ልጅነት በረንዳዋ ላይ ነበረች።»

ጆቫና ስትቀልድ የነበረውን ነገር ዘረን በዓይኑ አየው። ቱኒዚያ ደርሶ ከጭነት መኪናው ሲወርድ፣ ቢጫው የድንጋይ ግድግዳ፣ ደረጃው፣ ተደርድረው የቆሙት የጀልባ ቤቶች ሁሉ ፊቱ ተገተሩ። ከድሮ ፎቶግራፍ እያዩ ነበር የሠሩት። አረንጓዴው በር አለ። አባቱ አንድ ቀን ተናዶ መልህቅ የወረወረበት፣ የተፈነከተው ጥግ ሳይቀር አለ። ዘረን ኮፍያውን አውልቆ በሩን ገፋው። ከበስተኋላ በእንጨት ድጋፍ መሐል አንድ አናጢ ዳቦውን በዘይት እያጠቀሰ ይበላ ነበር።

«ምን ፈለግክ አባት?» አለው አናጢው። የማልታና የቱኒዚያ ቋንቋ የአጎት ልጆች ናቸውና ይግባባሉ።

«ምንም። አባቴን ነበር» አለና በሩን መልሶ ዘጋው።

በሦስተኛው ሳምንት የሚናገረው ቃል ተሰጠው፤ «ዛሬ ባሕሩ አልወደደንም» የምትል አንዲት መስመር በእንግሊዝኛ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ መስተዋት ፊት ቆሞ ሰባት ቀን አጠናት። ዳይሬክተሩ ካሜራ ፊት አቁሞ ሁለት ጊዜ አስደገመውና በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

«ድምፅህ ግሩም ነው» አለው። «አነጋገርህ ግን የማልታ ዓሣ አጥማጅ አይመስልም።»

መስመሯ ለአንድ ስኮትላንዳዊ ተሰጠች። ዳይሬክተሩ ትንሽ አሰበና፣ «መስጠም ትችላለህ?» አለው ዘረንን።

ስለዚህ ዘረን እንደገና ሞተ። አራት ሰዎች ከውኃው አውጥተው በሩ ፊት አሸዋ ላይ አጋደሙት። የአገሬው ሴቶች ለልቅሶ ተቀጥረው ነበር። ከመካከላቸው እማ መብሩካ የሚሏት ባልቴት ነበረች፤ ሁለት ወንድሞቿን ባሕር የበላባት። ትወና የምታውቀው ነገር አልነበረም። አልቅሺ ተባለች፣ አለቀሰች።

«ወንድሜዋ፣ ማን አየህ? ማን እጅህን ያዘህ? ደጅህ ደርሰህ ሳትገባ!» እያለች ደረቷን መታች።

ዘረን እያንዳንዷን ቃል ሰማ። በከፊል በተከደነው ዓይኑ አረንጓዴውን በር እያየ፣ ትንፋሹን እንደ ልማዱ ይዞ፣ ነገሩን ሊያሳልፈው ሞከረ። አልቻለም። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ትከሻውም ተንቀጠቀጠ።

«አቁሙ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «ሬሳው እያለቀሰ ነው!»

ሰባት ጊዜ ደገሙት። ሰባት ጊዜ አለቀሰ። በስምንተኛው ፊቱን በሸራ ሸፈኑት። እንዲህ ሆነና፣ ዘረን ማልታዊ ሆኖ የሞተበት ብቸኛው ፊልም ላይ ፊቱ አይታይም።

ሲያበቃ እማ መብሩካ ሻይ ይዛለት መጣችና አጠገቡ ዘጭ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ሆነህ ምን ያስለቅስሃል? የተቀጠርኩት እኔ!»

«ቤቴን አይቼ ነው።»

«ታዲያ አትገባበትም?»

«ሸጥኩት።»

ባልቴቷ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ገንዘቡንም በላህ፣ እንባውም ይገባኛል ትላለህ? ሆዳም ነህ። ሻይህን ጠጣ።»

በአርባ ዓመት ውስጥ ማንም እንዲህ ያለ እውነት አልነገረውም። ሻዩን ጠጣ።

ፊልሙ በወጣ በዓመቱ ማርሳቱት በሰው ተጥለቀለቀች። ቱሪስቱ ስልኩን ዘርግቶ አረንጓዴውን በር ይፈልጋል፤ በሩ የለም። ከንቲባው ሲልቪዮ ሰው ቅር ብሎት እንዳይሄድ መላ ዘየደና በእንጨትና በስፖንጅ ባለ አረንጓዴ በር የጀልባ ቤት አሠርቶ፣ ሆቴሉ አሸዋ በሚያፈስበት ላይ አቆመው። ከዚያ ወደ ዘረን መጣ።

«ዚዩ፣ ደጁ ላይ ተቀምጠህ መረብ እየጠገንክ ሁለት ሰዓት ብቻ!»

«እናገራለሁ?»

«የምን መናገር? ፎቶ ነው የሚያነሱህ።»

«እንደዚያ ከሆነ ሌላ ሬሳ ፈልግ» አለው ዘረን።

ከሆቴሉ አንድ ሰርቢያዊ አስተናጋጅ ተቀጠረ። ጢሙ ያማረ፣ ጨዋ ልጅ ነበር፤ መረቡን ሲይዝ ግን መጋረጃ የሚሰቅል ይመስል ነበር። ቱሪስቱ «ይኸው እውነተኛው ማልታዊ» እያለ አብሮት ፎቶ ሲነሳ ከረመ።

በጥቅምት ማለቂያ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉን ቀድሞ የሚያደክመው አሸዋ ስለሌለ፣ ውኃው እስከ ሆቴሉ ምግብ ቤት ዘለቀ። ሲልቪዮ ያሠራው ቤትም ከነአረንጓዴ በሩ ተነስቶ ወደ ባሕር ሄደ። ሲልቪዮ ለጀልባ እንቅፋት እንዳይሆን ያገኘው ጎትቶ እንዲያመጣ ዓሣ አጥማጆቹን ለመነ።

ዘረን በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አገኘው። ከወደቡ ሁለት ማይል ያህል ርቆ፣ ግድግዳው ከነአረንጓዴ በሩ ውኃው ላይ ተዘርግቶ ይንገላወዳል። ሊያስረው ገመዱን ይዞ ጎንበስ አለ። ከስር ወርቅማ ነገር ብልጭ አለ፤ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ላምፑኪ ጥላ ይወዳል። ዓሣ አጥማጆች ከጥንት ጀምሮ የዘንባባ ቅጠል የተነጠፈበት መንሳፈፊያ የሚጥሉለት ለዚሁ ነው። ከስፖንጁ ግድግዳ በታች፣ ስንት ዓመት የጠፋው ዓሣ መንደር መሥርቶ ተቀምጧል።

ዘረን ገመዱን ቀስ ብሎ መልሶ ጠቀለለና መንጠቆውን አወጣ።

ሲመለስ ሲልቪዮ መድረኩ ላይ ይጠብቀው ነበር። «አገኘኸው?»

«ባሕሩ ሰፊ ነው ሲልቪዮ» አለ ዘረን ቅርጫቱን እያነሳ። ከላይ ሁለቱን መርጦ በጋዜጣ ጠቀለለለት።

ከንቲባው ጥቅሉን ገለጥ አድርጎ አየና ዓይኑ በራ። «እንዴ! ዘንድሮስ ዓሣው መጣ!»

«ቤት አግኝቶ ይሆናላ» አለ ዘረን፤ ጆቫና ሌላ ምሳ ሳትጥድ ለመድረስም ዳገቱን ተያያዘው።