ጀልባውን የደገፈው ዱላ

ይህ ነገር መተረክ የሚገባው መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። ባሕር በሌለበት አገር የአንድ ጀልባ ሞተር ተሰበረ አልተሰበረ ማንን ይገደዋል? ግን ትናንት መንገድ ዳር የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝና ሸዋ ሮቢት፣ አባቴ ደጃፍ መለሰኝ።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት መጥቼ ነበር። አባቴ በደሴ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። ታላቅ ወንድሜን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከወራት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ወስዶታል። ያኔ አባቴ ሲለምነው ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ አስረጃቸው» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ዶርም ድረስ ተከተለኝ። ወንድሜ ሲሄድ ዱላውን ከበሩ ጀርባ አቁሞ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከአሰብ የመጣ የመንግሥት መኪና ጀልባ እየጎተተ መጣ፤ የተጎታቹ ጎማ ፈንድቶ ደጃችን ቆመ። ሾፌሩ ሌላ ጎማ ፍለጋ ሲሄድ ጀልባውን ለሊቀመንበሩ አስፈርሞ አስረከበ። ከኋላ የተሰቀለውን ሞተርም አሳየው። መያዣው ስለላላ ሞተሩን ቀና አድርጎ የያዘው አንድ የእንጨት ድጋፍ ብቻ መሆኑን፣ ድጋፉ ከወጣ ሞተሩ በመጀመሪያው ጉድጓድ ወርዶ ከአስፋልቱ እንደሚላተም ደጋግሞ ነገረው። ሊቀመንበሩ ለአባቴ «አደራ፣ ከዓይንዎ እንዳይጠፋ» ብሎ ጫቱን ሊቅም ሄደ።

እኔ ያየሁት ፊርማውን ብቻ ነው። የመንግሥት ንብረት ከተሰበረ አሻጥር ተብሎ የፈረመው ይጠየቅ ነበር። እሱም በተራው ሲለምን ማየት አማረኝ። አባቴ ለዙሁር ሶላት ሲገባ ድጋፉን ነቅዬ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። እስኪነድ ቆሜ አየሁት፤ ደስ አለኝ።

ጎማው ተገጥሞ መኪናው ሊነሳ ሲል አባቴ ጀልባውን ዞሮ አየና ሾፌሩን አስቆመው። ከዚያ አመድ የነካ እጄን አየ። 

«የወንድምሽን ዱላ አምጪልኝ» አለ።

«አባ፣ ይኼን ሰውዬ ለማዳን?»

«አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ነገ አላህ ፊት የምጠየቀው እኔ እንጂ እሱ አይደለም። ወንድምሽ ሲመጣ ሌላ እቆርጥለታለሁ።»

አመጣሁለት። የመጋዙ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልኩን ቆርጦ ከሞተሩ ሥር አቆመው፤ ከአሮጌ ጎማ በቀደደው ልጥ ጠፍንጎ አሰረው። የተረፈውን ቁራጭ ከበሩ ጀርባ መለሰ። ጀልባው ሞተሩን ቀና አድርጎ ወደ ጣርማ በር ሄደ። ሊቀመንበሩ ጉንጩን እንደወጠረ ወጥቶ «በርቱ» አለን። ምንም አላወቀም። እኔም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

በኋላ የወንድሜን መርዶ የያዘውን ወረቀት ያመጣውም እሱ ነበር። «ልጅዎ…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። «አስረጃቸው» አላለኝም። እኔ ከበሩ ጀርባ ያችን ቁራጭ ጨብጬ ቆሜ ነበር። አባቴ ግን ወንበር አቀረበለት።

ወረቀቱ የመጣው ጥቅምት 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ነበር።